ወተት የሚችል ሻይ

የጎንደር ሻይ ቤት ሻይ በቀረፋና በቅርንፉድ ታጅቦ፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ ይመጣል፤ ደስ ይላል። ጠንካራውን፣ ወተት የሚችለውን የእንግሊዝ ሻይ የለመደ ሰው ግን ቅመሙ አይስማማውም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ከፋ ውስጥ የሚለማው የውሽውሽ ጥቁር ሻይ ቅጠል በየሱቁ አለ። በእኔ ምላስ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባለ ከረጢት ሻይ ያስንቃል።

አስቸጋሪው ውሃው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያም ከፍ ባለችው በደባርቅ ከተማ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ቅጠሉ ኃይሉን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በራዱን በፈላ ውሃ አለቅልቆ፣ ቅጠሉን ከወትሮው ጨመር አድርጎ፣ የሚንተከተክ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ አምስት ስድስት ደቂቃ መታገሥ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ለሚጠብቅ ሰው ይህች ምን አላት!

በማጥለያው ሲቀዳ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ያኔ ወተት፤ በደንብ የፈላ፣ ስልባቦቱ የተገፈፈ፣ ሻዩ ዳማ ፈረስ እስኪመስል። የዱቄት ወተት ከሆነስ? በደባርቅ ብርድ ማን ያማርጣል።