ክንፉን በጣቱ የሚይዝ ጠጋኝ

አሮጌ ፔንቲየም 4 ተሸክማችሁ፣ ከጣራ ገዳም ጫካ ግርጌ አዲስ ዘመንም ይሁን ደብረ ታቦር ላይ፣ ጥገና ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ባለሙያው አቧራ ሲያራግፍ እዩት። ብሎወሩን ደግኖ ፋኑን እንደ ወፍጮ የሚያሽከረክር ከሆነ ዕቃችሁን መልሳችሁ ውሰዱ። ፋን በነፋስ ግፊት ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይበላል፤ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ አመንጭቶም ወደ ሰሌዳው ሊመልስ ይችላል። አዋቂ ሰው ክንፉን በጣቱ ይዞ ነው የሚነፋው። እኔ ይህን ከግድግዳ ላይ ሰርተፊኬት አስበልጠዋለሁ።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱን ያየ «እዚህ ማሽን አይግልም» ይላል። ብርዱ በእርግጥ ያግዛል፤ አየሩ ግን ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ለደከመ ፋን ደጋ አይራራም። ሲጮህ ዘይት ጠብ አድርጎ የሚመልስላችሁ ሰው ጩኸቱን ነው ያስታገሰው። መሐሉን በጣት ሲነኩት ከተወዛወዘ ተበልቷልና ይለወጥ።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ደግሞ ብዙዎች አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ያገናኙና ፋኑ ሲዞር «ደህና ነው» ብለው ይዘጉታል። ፋን እኮ በደከመ ኃይልም ይዞራል! አሮጌ ሀርድ ዲስክ ሰክቶ፣ ሸክም አሸክሞ በቴስተር የሚለካውን እመኑ፤ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ከወረደ ታሟል። ውስጡን ሲከፍትም ሶኬቱን ነቅሎ ወዲያው እጁን አይሰድም፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

በፔንቲየም 4 ዘመን የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ካፓሲተራቸው አናቱ አብጦ ይፈነዳ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የምርት ጉድለት ነው። የተተካውን አሳየኝ በሉት። 105 ዲግሪ የሚል ይነበብበት፤ ቮልቱ ከቀድሞው አይነስ። ብየዳው ኳስ ከመሰለ አልያዘም፤ እንደ ጎጆ ክዳን ከሽቦው እግር ወደ ሰሌዳው ተዳፍቶ የወረደ ነው ጥሩው። በፊውዝ ቦታ የሽቦ ቁራጭ ካያችሁ ግን ሌላውን ሁሉ አትመልከቱ፤ ያ ሰው ቤታችሁን ለእሳት አሳልፎ ሰጥቷል።

ከሁሉ የምወደው ባለሙያ ሒሳብ ከመቀበሉ በፊት «መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖላችሁ ይደምቃል?» ብሎ የሚጠይቀውን ነው። አዎ ካላችሁት፣ ኃይሉ ከልኩ በላይ እየመጣ ነውና መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ ይላችኋል።