መረሬ ላይ የቆመ ቤት

የእነዋሪ ቤት ስንጥቅ በክረምት ይተኛል፣ በበጋ ይነቃል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አምኖኝ ቤት በገዛ ሰው ገንዘብ ነው።

ወሩ መስከረም ነበር። አንድ መምህር ሊገዛው ያሰበውን የብሎኬት ቤት እንዳይለት ጠራኝ። እናቱም አብረውት መጥተዋል። ግድግዳው ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ሊሾ ነው፤ ቆርቆሮው ገና አልዛገም። ቱምቢ ጣልኩ፣ ውሃ ልክ አስቀመጥኩ፣ ኮርኒሱን ቀና ብዬ አየሁ። እናትየው የጓዳውን በር ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉና «ልጄ፣ ይህ በር ምን ይዞት ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ የክረምቱ እርጥበት እንጨቱን አሳብጦት ነው፤ ሲደርቅ ይለቃል» አልኳቸው። ከዚያም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ «ቤቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

በየካቲት ተመልሶ ጠራኝ። በሩ በርግጥ ለቅቋል። ነገር ግን ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ ተከፍቶ ነበር፤ ላይኛው ጫፉ ጣት ያስገባል። ሰውየው አልተቆጣም። ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋና «ይህ የት ላይ ነው የተጻፈው?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ትክክለኛውን ጥያቄ እናቱ በመስከረም ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ግን የበሩን እንጨት እንጂ በሩ የቆመበትን መሬት አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሳይ የምጀምረው ከግድግዳው አይደለም፤ ከአፈሩ ነው።

እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ በንብርብሮቹ መካከል እየመጠጠ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ በእርሻው መካከል የሚሄድ ሰው እጁን እስከ ክርኑ የሚያስገባበት ስንጥቅ ያያል። በሐምሌ ያው መሬት ገጥሞ፣ አብጦ፣ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ይሆናል። ጤፉና ስንዴው፣ የጅሩ ሰንጋ የሚሰባበት ድርቆሽ ሁሉ ከዚህ አፈር ይገኛል። እህል የሚያበቅለው ይህ አፈር ግን ለግንብ ጠላት ነው።

በቤት ሥር የሚሆነውም ይኸው ነው። ከወለሉ መካከል ሥር ያለው አፈር ፀሐይ ስለማያገኘው እርጥበቱን ይዞ ይኖራል፤ ዓመት ከዓመት እንዳበጠ ይቆያል። በግድግዳው ዙሪያ ያለው አፈር ግን በየክረምቱ ይረጥባል፣ በየበጋው ይደርቃል። ስለዚህ የቤቱ ማዕዘን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማዕዘኑ ሲወርድ ግድግዳው ደካማ ቦታውን ፈልጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮትና ከበር ጥግ ይቀደዳል። ክረምት ላይ አፈሩ ማዕዘኑን መልሶ ያነሣዋል፤ ስንጥቁ ይገጥማል፣ በሩ ይይዛል። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ በመስከረም ሲታይ የተኛ በሽተኛ ነው።

የድሮው ጭቃ ቤት ይህን ይችለው ነበር። ቋሚውና ማገሩ ይተጣጠፋል፤ ምርጊቱ ሲሰነጠቅ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይደፈናል፤ ቤቱ ከመሬቱ ጋር ይተነፍሳል። ብሎኬት ግን አይተጣጠፍም። እኔ በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ብዙ ሰው ጭቃ ቤቱን ወደ ብሎኬት ሲለውጥ ግድግዳውን ለወጠ እንጂ መሠረቱን አልለወጠም። ጉልበት የሚያክል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተሞልቶ፣ ከባድ ግድግዳ ተጫነበት። የማየው ስንጥቅ ሁሉ ከሞላ ጎደል የዚህ ታሪክ ነው።

ስንጥቅ ይነበባል። ፀጉር የሚያክለው፣ በልስኑ ላይ ብቻ ያለው የሲሚንቶ መድረቅ ነው፤ አያሳስብም። በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄደው መሬቱ እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል። ላይ ሰፍቶ ታች የሚጠበው ማዕዘኑ እየወረደ መሆኑን፣ ታች ሰፍቶ ላይ የሚጠበው መካከሉ እየሰመጠ መሆኑን ያመለክታል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሰፋውን ልስን ብቻ አይፈውሰውም። ከስፋቱ ይበልጥ የምፈራው ግን ደጋግሞ የተደፈነውን ነው፤ አሮጌ ልስን ላይ አዲስ ልስን፣ በዚያ ላይ ሌላ ቀለም። ቁስሉ ሕያው ስለሆነ ነው የተደጋገመው። ጥርጣሬ ካለኝ በስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፌ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ጄሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ አሁንም እየሠራ ነው።

በእንግሊዝ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት የቤት ምርመራ ሪፖርት ማስጻፍ ይችላል። የለንደን አፈር እንደ እኛው የሚያብጥና የሚኮማተር ሸክላ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1976ቱ ድርቅ ብዙ ቤቶችን ሰነጣጥቆ ስለ መሠረት ጥልቀት ያላቸውን አስተሳሰብ ለውጦታል። የእነርሱ ሪፖርት እያንዳንዱን የቤት ክፍል በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይመድባል። በእኛ አገር የቤት ገዢ የተለመደ ሪፖርት የለውም። ባንክ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ሲያስገምት ሰዎች «ተመርምሯል» ብለው ይረካሉ። ይህ ስህተት ነው። ገማቹ የሚጠየቀው ቤቱ ቢሸጥ ስንት ያወጣል የሚለውን ነው፤ የባንኩን ብድር እንጂ የገዢውን ዕንቅልፍ ለመጠበቅ አልተላከም። ስለዚህ ገዢው የራሱን ባለሙያ ማምጣትና የሚጽፍለትን ማንበብ መቻል አለበት።

ሪፖርት ሲደርስዎት መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ። በነሐሴ የተጻፈ ስለ ጣራው ብዙ ይነግርዎታል፤ ስለ መሠረቱ ግን ጥቂት። በየካቲት የተጻፈ ስለ መሠረቱ ይናገራል፤ ቆርቆሮው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ግን በእርግጠኝነት ሊነግርዎት አይችልም። ሁለቱን ወቅት ለማየት ጊዜ ከሌለ የቀረውን ወቅት ጎረቤት ይጠየቃል፤ በክረምት ውሃው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁት አጥር የሚጋሩት ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ «አልታየም» የሚለውን ይፈልጉ። ጥሩ መርማሪ ያላየውን ይጽፋል፤ ኮርኒሱ ስላልተከፈተ የጣራውን እንጨት ምስጥ ይብላው አይብላው አላየሁም፤ መሠረቱ ስላልተቆፈረ ጥልቀቱን አላወቅሁም ይላል። ይህን መስመር ብዙ ሰው እንደ ሰበብ ቆጥሮ ያልፈዋል። የሪፖርቱ ዋና ክፍል ግን እርሱ ነው፤ ገዢው የት ቦታ ላይ ዕድሉን እየሞከረ እንደሆነ የሚያሳየው ያ ብቻ ነው። እኔ አሁን ከአንድ ማዕዘን አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ለመቆፈር ባለቤቱን አስፈቅዳለሁ። የግማሽ ቀን የአካፋ ሥራ ከአሥር ገጽ ጽሑፍ ይበልጥ ይናገራል። ድንጋዩ የት እንደሚያበቃ፣ ከሥሩ መረሬ ይሁን ገረጋንቲ ይታያል። ገረጋንቲ መኖሩ ብቻም አያስተማምንም፤ በመረሬ መካከል የተሞላ ገረጋንቲ መፋሰሻ ካልተበጀለት እንደ ገንዳ ውሃ ያቁራል።

ሦስተኛው ጉድለትንና ምክንያትን መለየት ነው። «ግድግዳው ተሰንጥቋል» ጉድለት ነው። «አሸንዳ ስለሌለ የጣራው ውሃ በማዕዘኑ ሥር ይወርዳል» ምክንያት ነው። ጉድለቱን ብቻ የጻፈ ሪፖርት ገዢውን ወደ ልሳኝ ይልከዋል፤ ምክንያቱን የጻፈ ግን ወደ አሸንዳና ወደ ቦይ ይመራዋል፤ ወጪውም በጣም ይለያያል። ከግድግዳው አጠገብ የቆመ ባሕር ዛፍም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ የአፈሩን እርጥበት እየሳበ ማዕዘኑን ያወርዳል። በአንድ ቀን ተቆርጦ ቢወገድ ደግሞ የደረቀው አፈር መልሶ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ስለዚህ «ዛፉ ይቆረጥ» ብቻ የሚል ምክር በቂ አይደለም፤ መቼና እንዴት የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት።

ጣራውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቦታም ይጠይቁ፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚፈተነው እርሱ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ተከታታይ መንቀጥቀጦች እስከ አዲስ አበባ ተሰምተዋል። ከግድግዳው በላይ ዙሪያውን የሚያስር የአርማታ ቀበቶ፣ እኛ ቶፕ ታይ ቢም የምንለው፣ መኖር አለመኖሩ በሪፖርቱ መጠቀስ አለበት። ለመረሬውም፣ ለመንቀጥቀጡም የሚያገለግል አንድ ማሰሪያ እርሱ ነው።

ቤቱ ጤነኛ ቢሆንም ወረቀቱ ታሞ ሊገኝ ይችላል። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ መሬት የግል አይደለም፤ የሚገዛው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ በሊዝ የተገኘ? ሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚሰጥ ነውና ስንት ዓመት ቀርቶታል፣ ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብስ አለ? ካርታው ላይ ያለውን ስፋት በሜትር ከመሬቱ ጋር አስተያያለሁ፤ አጥሩ ከካርታው አልፎ ወደ መንገድ የወጣበትን ግቢ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። ያ ትርፍ የሚመስል መሬት አንድ ቀን ይፈርሳል፤ አብሮት ማድ ቤቱ ወይም ሽንት ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት፣ ባለትዳር ከሆነም የሁለቱን ፈቃድ ማረጋገጥ የግድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። በዚያው ሕግ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። ለዚህ ነው ምርመራ ከቀብድ በፊት መሆን ያለበት፤ ከቀብድ በኋላ የሚመጣ ሪፖርት ምክር መሆኑ ቀርቶ ሐዘን ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። የጅሩ ገበሬ ውሃ ማጠንፈፍ ከማንም አልተማረም። ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በእጃቸው አፈሩን ወደ ላይ እየሳቡ መደብ ያበጃሉ፤ በመካከሉ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይተዋሉ፤ እህሉ በጭቃ ታንቆ እንዳይሞት። ተመራማሪዎች የመረሬን ማጠንፈፊያ ሊያጠኑ ሲነሡ ከመረጧቸው ቦታዎች አንዷ እነዋሪ ነበረች። ያው ገበሬ ግን ከተማ ገብቶ ቤት ሲሠራ ወይም ሲገዛ ያንን እውቀት በእርሻው ላይ ትቶት ይመጣል። ለስንዴው ቦይ የሚያወጣ ሰው ለቤቱ አያወጣም። ቤት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው አሁን ያንን ቦይ ነው። ግቢው ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ የተለሰነ መረማመጃ ያለው፣ የጣራው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ርቆ የሚፈስ ቤት መሠረቱ እንኳ ፍጹም ባይሆን ዕድሜ ያገኛል።

የዚያን መምህር ቤት እንዲህ ነው ያተረፍነው። አሸንዳ አስገጠመ፣ በዙሪያው ከግድግዳው የሚያዘቀዝቅ መረማመጃ አስለሰነ፣ ውሃውን ወደ ውጭ ቦይ አወጣው። ስንጥቁን ቀኑን ጽፈን በጄሶ አተምነው፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጠብቀን ጄሶው ሳይሰነጠቅ ስናየው ብቻ ጥገናውን ጀመርን። የድካሜን አላስከፈልኩትም፤ ዕዳዬ ነበር።

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ወደዚያ ግቢ ሂዱና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ እዩ። ባለሙያችሁ «ቤቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ብቻ ከጻፈላችሁ አትቀበሉት፤ ያላየውን ይጻፍላችሁ። በዕድሜ የበሰሉ እናት አብረዋችሁ ካሉ በሮቹን እሳቸው ይክፈቱ፤ የሚጠይቁትንም መልስ ሳታገኙ አትፈርሙ።