ውሉን መፈለግ

ካዛንቺስ ባለው ቢሮአችን አንዲት ባልደረባዬ፣ ፕሮግራማችን ፈጽሞ የማይጠራውን ላይብረሪ ለምን እንደሚጭን ስትመረምር አመሸች። በሪድኤልፍ «ኒድድ» የሚሉትን መስመሮች አየች፤ የሊንከሩን ትእዛዝ ቃል በቃል አነበበች፤ በመጨረሻ የልቃቂቱን ውል ከአንድ የፒኬጂ-ኮንፊግ ፋይል መዘዘችው። «ሪኳየርስ ፕራይቬት» ሥር መግባት የነበረበት ስም «ሪኳየርስ» ላይ ተጽፎ ኖሯል። «አዝ-ኒድድ» የሚለውን የሊንከር አማራጭ ጨምራ ብታልፈው ምልክቱ በጠፋላት፤ እሷ ግን ምንጩን አረመች። ይህን ትዕግሥት ከልቤ አደንቃለሁ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የተጋለጠው የኤክስዜድ መጭመቂያ ላይብረሪ የጀርባ በርም ኦፕንኤስኤስኤች ዘንድ የደረሰው በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ ሳይፈልገው፣ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች በጨመሩት የሲስተምዲ ላይብረሪ ተጎትቶ። ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ የጀርባ በሩን ያገኘው የግማሽ ሰከንድ መዘግየትን ሳይንቅ ነው።