መሐል ሜዳ ላይ 70 ነው

«ጋሼ፣ መጽሐፉ 100 ይላል፤ ይኼ 70 ነው የሚያነበው። ሴንሰሩ ሞቷል፤ ለምን አንቀይረውም?»

ጠያቂው ሙያውን አዲስ አበባ ተምሮ መንዝ ከገባ አንድ ክረምት እንኳ ያልሞላው ወጣት መካኒክ ነው። ፊቱ የቆመችው ነዳጅ ሲሰጧት የምታመነታ፣ ዳገት ላይ ሚስ የምታደርግ፣ ጥቁር ጭስ የምትተፋ አሮጌ ሱዙኪ ናት። የተጠየቀው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው፤ ይህ ጉዳይ ሲነሳበት ደግሞ በአጭሩ መልሶ አያውቅም።

መጽሐፉ አልዋሸም፤ የጻፈው ስለ ሌላ አገር አየር ነው። 100 ኪሎፓስካል ማለት የባሕር ጠረፍ አየር ግፊት ግድም ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ የአየር ግፊት እየለካ ቤንዚን የሚመጥን ሥርዓት ከገጠመ ወዲህ፣ በእንዲህ ዓይነት መኪና የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት ቤንዚን ልርጭ ብሎ የሚጠይቀው ይህን የአየር ግፊት ሴንሰር ነው። የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ አየሩ 70 ግድም ነው። ደብረ ብርሃን 72፣ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ 87። ወጣቱ የተማረባት አዲስ አበባ ራሷ 76 አካባቢ እንጂ 100 ደርሳ አታውቅም።

ስለዚህ ሙግቱ አንድ ነው፦ ሞተር ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይከፈት፣ ቁጥሩ ይነበብ። ሞተሩ ስላልዞረ በማስገቢያው ውስጥ ያለው አየር የውጭው አየር ነው፤ ሴንሰሩ የአገሩን ግፊት መናገር አለበት። መሐል ሜዳ ላይ 70 ካለ እውነተኛ ምስክር ነው። 100 ካለ ግን ያን ጊዜ ይጠርጠር፤ ኮምፒውተሩን «አየር ሞልቷል» ብሎ ያሳስተዋል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ከዚያ ካንዴላ ይቀየራል። ከሳምንት በኋላም እንደገና ካንዴላ ይቀየራል።

ወጣቱ በ70 ሲጨነቅ እዚያው የአንባቢ ማሽኑ ስክሪን ላይ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ የሞተሩ ውኃ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጓሳ ላይ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ 40 ግን የትም የመንዝ መሬት ላይ የለም፣ ያውም ሲሠራ በቆየ ሞተር ውስጥ። ይህ ቁጥር ሲታይ ብርድ አይታሰብም፤ ሽቦ ተቋርጧል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ በረዶ የሆነ መስሎት ቤንዚን ያፈሳል። ሶኬቱ ሲነቀል አንዱ እግር አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተገኘ። ተጠርጎ ተመለሰ፤ ምንም አልተገዛም።

አሁን አሁን አንባቢ ማሽን የያዘ ሁሉ ኮድ አይቶ ዕቃ ያዝዛል። ፒ 0171፣ ማለትም «ቤንዚን አንሷል» የሚለው ሲወጣ የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል። ሴንሰሩ እኮ መልእክተኛ ነው! አየር የሚስብ የተሰነጠቀ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ ፖምፓው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ፤ አንዱ ሲሊንደር ሚስ ሲያደርግ ያልተቃጠለው ኦክስጅን በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ሴንሰሩም ያየውን ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይጨምራል። ምስክሩን መቅጣት ጥፋቱን አያድነውም።

ሴንሰር አይበላሽም ማለት አይደለም። ከለሚ ጀማ ወንዝ ድረስ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ በሚወጣው መንገድ፣ ቆላው ሙቀት ላይ ብቻ የሚጠፋ አንድ ሚኒባስ ነበር። አንድ ጋራዥ ካንዴላ፣ ኮይልና ፖምፓ ቀያይሮለታል፤ ባለቤቱ ለዚያ ገንዘብ በሬ ሸጧል። ሲሞቅ የሚሞተው የክራንክ ሴንሰሩ ነበር። ዳገቱ መሐል እንደጠፋ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ሞተሩ ተነሳ፤ ማስረጃው ይኸው ነው። ተፈትኖ የተፈረደበት ሴንሰር ይቀየር፤ ሳይፈተን ግን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያውን የጀመረው በካርቡሬተር ዘመን፣ በጆሮው ነው። ሴንሰር ሲመጣ ጆሮው ሥራ የፈታ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ማሽኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ተመለከተ፦ 87፣ 80፣ 74፣ ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ላይ ሲደርስ 68። ጆሮው ደግሞ በልጅነቱ በዚያው መንገድ ሲወጣ እንደሚያደርገው ድፍን አለ። ሴንሰሩ የሚሰማው እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረውን አየር መሆኑን ያን ዕለት አወቀ። ከዚያ ወዲህ ማሽን የያዘ ልጅ ሲመጣለት ደስ ይለዋል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ እጃችን ላይ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ስለዚህ በሞላሌም፣ በራቤልም፣ በዓለም ከተማም ጋራዥ የከፈታችሁ ወጣቶች፦ በጤነኛ መኪና፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ፣ የከተማችሁን ቁጥር አንብቡና ግድግዳችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት።