«ውዴ» የምንለው ማንን ነው?

ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ባሉ ጉባኤዎቻችን ጌታን «ውዴ»፣ «ፍቅሬ» እያለ የሚጠራ ዝማሬ በዝቷል። ይህ የዘፈን ቋንቋ ነው ብለው የሚነቅፉ አገልጋዮች አሉ፤ እኔ በነቀፌታው አልስማማም። እርስዎ መጋቢዎን «እርስዎ» ይላሉ (እኔም አንባቢዬን እንዲሁ እያልኩ ነው)፤ እግዚአብሔርን ግን ሲጸልዩ «አንተ» ይሉታል። አማርኛችን ይህን መቀራረብ ከዘመኑ ዘማሪዎች በፊት ያውቀዋል። «እኔ» ማለትም ነውር አይደለም፤ ጳውሎስ በገላትያ 2፥20 ክርስቶስ እርሱን በግሉ እንደወደደው ይመሰክራል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጳውሎስ መወደዱን እንደተናገረ ወዲያው ወደ መስቀሉ ይሄዳል፤ የወደደው ራሱን የሰጠለት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ግጥሞች ግን መነካትን፣ መታቀፍን፣ መርካትን ይዘረዝራሉ እንጂ የወደደን ምን እንዳደረገ አይናገሩም። ለመጪው እሁድ ከተመረጡት መዝሙሮች አንዱን ያንብቡና «ኢየሱስ» የሚለውን ስም ያውጡለት። ለማን እንደተዘመረ ይታወቃል?

«እኛ»ም ጠፍቷል። ጌታ ባስተማረን ጸሎት «አባታችን» ብለን እንጀምርና «ስምህ» እንለዋለን፤ ማኅበሩም ቅርበቱም በአንድ ትንፋሽ።

ይህ ፍቅር ምን እንደሚያስከፍል ከእኛው ቤት ምስክር አለ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋቸውን ጥለው ላለመሄድ ወሰኑ፤ የጠቀሱትም 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ። ከዚያ ጥቅስ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ቢሉ የክርስቶስ ፍቅር ግድ እንደሚል ያገኛሉ፤ ግድ የሚላቸውም «እኛ» ናቸው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል። የእርሱ መዝሙሮች ለጌታ ያላቸው ቅርበት ከማንም አያንስም፤ ግን ሥቃይን አይሸሹም።

ጉዳዩ የግጥም ውበት ብቻ አይደለም። ልጇን የቀበረች እናት ከሳምንታት በኋላ መጥታ «በአምልኮ ምንም አይሰማኝም፤ ጌታ ትቶኛል» ብትልዎ፣ ፍቅሩን በስሜቷ እንድትለካ ያስተማርናት እኛው በመድረካችን ነው። መዝሙር 88ን አብረዋት ያንብቡ። በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ መጽናኛም አልታከለበትም። እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ ግን እግዚአብሔርን «አንተ» እያለ ይሞግተዋል።