በግድግዳ የተለጠፈ ደንብና በሞርሳ ያልታሰረ ላሜራ

ለማስተማር ልምምድ የወጡትን ዕጩ መምህራን ለመከታተል በየትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ስንዘዋወር፣ በቋሚው መብሻ መኪና፣ በተለመደው አጠራሩ በትራፓኖው፣ አጠገብ የጥንቃቄ ደንብ ተለጥፎ ያላየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ተማሪዎቹም በቃላቸው ይወጡታል። እኛ ግን ይህ ደንብ አሁን ባለበት ሁኔታ ከሚከላከለው ይልቅ የሚያዘናጋው ይበልጣል እንላለን።

ምክንያታችን የሚከተለው ነው። ባንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ቀጭን ላሜራ በግራ እጁ ይዞ ሲበሳ፣ ፑንታው በስቶ ሊወጣ ሲል ላሜራውን ነክሶ አሽከረከረውና የተማሪውን አውራ ጣት ክፉኛ ቆረጠው። «የምትበሳውን በሚገባ እሰር» የሚለው ቃል ፊት ለፊቱ ተለጥፎ ነበር። ሞርሳው ግን እንዳይጠፋ ተብሎ በንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ነገሩን የተማሪው ቸልተኝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም።

ደንቡ «እሰር» ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አያስረዳም። ለለስላሳ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ብንወስድ፣ ባለ 10 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይኸውም በሰከንድ 13 ጊዜ መሆኑ ነው። እጅ ደንግጦ እስኪሸሽ ድረስ ላሜራው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ይህን ስሌት ራሱ የሠራ ተማሪ በጉልበቱ አይመካም።

ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንዱ ደንብ ለወርክሾፑ ሥራ ሁሉ በጅምላ የተጻፈ በመሆኑ «ጓንት አጥልቅ» ይላል። ይህ ለብየዳ ተገቢ ነው፤ በሚዞር ፑንታ አጠገብ ግን ጓንት ተጠምዝዞ እጅን ጎትቶ ያስገባል።

ራሳችንንም ከሂሱ ውጭ አናደርግም። በማሠልጠኛችን ፈተና «አምስት የጥንቃቄ ደንቦችን ዘርዝር» እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። ዕጩ መምህሩም በተፈተነበት መንገድ ያስተምራል።

ስለዚህ ሞርሳው በትራፓኖው ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ያን ጊዜ አይጠፋም። ረጅም ብረት ሲበሳ ከመታሰሩ ሌላ የዓምዱን ግራ ጎን ተደግፎ ይቀመጥ፤ ማሰሪያው ቢላላ እንኳ ዓምዱ ያግደዋል። ፑንታው ሊወጣ ሲል ግፊቱ ይቀነስ። የማንድሪኑም ቁልፍ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይውጣ። ፈተናውም በመኪናው ፊት ይደረግ። አስሮ ያላሳየን ተማሪ፣ ደንቡን በቃሉ ቢወጣውም፣ ማብሪያውን አይንካ።