«ጫነ»፣ «ተከለ»፣ «ተቀረቀረ»

አንድን የሙያ ቃል ስንመዝን ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ከግዕዝ መርባቱን ወይም ለጆሮ መጣሙን ነው። ሥራ ሲሰናከል ቃሉ ለተጠቃሚው ምን ይነግረዋል ብለን የምንጠይቀው ግን ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የመረጃ ቋት ፕሮግራም ተከላ ነው።

ርብና ጉማራ በሚያቋርጡት በፎገራ ሜዳ፣ ወረታ ከተማ ላይ፣ የሩዝ ግዢ የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊ እናስብ። «የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ ለዚህ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ እህልም ዱቄትም በቋት ሲጠራቀም አይቶ ያደገ ነውና። ከስያሜዎቻችን ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የሚጀምረው ከግሡ ነው። ጸሐፊው ፕሮግራሙን «ይጭናል»፤ ለመጫንም ቁልፍ «ይጫናል»፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሲነሣ ፋይሎቹን «ይጭናል»። አንዱ ሥር ሦስት ሥራ ተሸክሟል። «ጫነ» «አራገፈ» የሚል ተቃራኒ ስላለው ይመሰገናል፤ ሆኖም በጋሪ የተጫነ ሩዝ ለመራገፍ የተጫነ እንጂ ባለበት ሊሠራ የተቀመጠ አይደለም። አገራችን ወፍጮ ሲመጣላት «ወፍጮ ተከለ» አለች እንጂ «ወፍጮ ጫነ» አላለችም፤ የፋብሪካውንም ሥራ «ተከላ» ብለነዋል። «ነቀለ» የሚለው ተቃራኒም አብሮ ይገኛል። «ጫነ» በአፍ ለምዷል፤ ይህን አንክድም፤ ለመመሪያ ጽሑፍ ግን «ተከለ»ን እንመርጣለን።

ከዚህ የከበደው ተከላው ከመንገድ ሲቀር የምንሰጠው ስም ነው። «ተሰቀለ» እንዳንል ፋይል ወደ መረብ ማውጣትን «መስቀል» ብለነዋል። «ተንጠለጠለ» ላልተቋጨ ጉዳይ ያገለግላል፤ ምክንያቱን ግን አይጠቁምም። «ቆመ» ደግሞ ጎጂ ነው። ቆሟል የተባለው ጸሐፊ ፕሮግራሙን በኃይል ይዘጋዋል፤ ግማሽ ተከላ ይቀራል፤ ቅሪቱም ሁለተኛውን ሙከራ ሊያሰናክል ይችላል።

የፎገራ ገበሬ በሬው ሞተ፣ ለገመ፣ ማጥ ያዘው ብሎ ይለያል። ለፕሮግራሙ የሚስማማው ሦስተኛው ነው። የዊንዶውስ የተከላ አገልግሎት (Windows Installer) በእርሱ በኩል የሚካሄድ ከአንድ በላይ ተከላ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም አይፈቅድም፤ ስለዚህ አዲሱ ተከላ ከበስተጀርባ የሚካሄደውን ሌላ ተከላ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ከሌላው መስኮት ኋላ ተደብቆ መልስ ይጠብቃል። ወይም እንደ ማይኤስኪውኤል ያለው ሰርቨር ሊነሣ ሲል የተለመደውን 3306 ቁጥር ፖርት ሌላ ፕሮግራም ይዞት ያገኘዋል። በሦስቱም ፕሮግራሙ በሕይወት አለ፤ የያዘው ነገር ግን አለ። «ተከላው ተቀረቀረ» ብንል ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያዘው?» ብሎ ነው። «መቀርቀሪያ» የበር መዝጊያ ስለ ሆነ ከ«ቆለፈ» ጋር ይምታታል የሚል ቢኖር፣ መኪናው ተቀረቀረ ሲባል ማንም ተቆለፈ ብሎ እንዳልተረዳ እናስታውሰዋለን።

ምን እንደ ያዘው የሚነግረው ፕሮግራሙ እርምጃውን የሚጽፍበት ፋይል ነው። ይህንን «መዝገብ» ለማለት ይቃጣናል፤ ነገር ግን የዊንዶውስ ሬጅስትሪ ስሙን ሊሻማው ነው። «የእርምጃ መዝገብ» ብንለው ይለይ ይሆናል፤ ረዘም ይላል እንጂ። እስኪወሰን «ሎግ» ይቆይ።